ልጅቷ «እርስዎ» ማለቷን ማን ነገረሽ?

ባለፈው ወር ከጋዜጣችን በጡረታ ስሰናበት፣ ሽኝቱ ላይ የተናገሩት ሁሉ ትልልቆቹን ዜናዎች አነሱ፤ የታክሲ ነጂዎቹን የፈቃድ ክርክር፣ የቻምበርስ ሮዱን ቃጠሎ፣ በረዶ የቀጠቀጣቸውን መኪናዎችና የኢንሹራንሱን ጣጣ። አመስግኜ ተቀመጥኩ። የስንብት ጽሑፌን ልጽፍ ስል ግን ከእነዚያ አንዱም አልመጣልኝም። የመጣልኝ እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያለ አንድ መደርደሪያ ነው። እዚያ ላይ የተደረደሩት አውስትራሊያ ውስጥ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የተጻፉ ልብ ወለዶች ናቸው።

የሚያውቁኝ ይስቃሉ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ክፍል ልብ ወለድ ሳላነብ ነው ያሳለፍኩት። ንቄው አልነበረም። ነገር ግን የተጻፈውን ደውዬ ማጣራት አልችልም፤ ማጣራት የማልችለውን ነገር ደግሞ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ ዜና አገልግሎት ውስጥ ነው። ከየአውራጃው በስልክ የሚመጣውን የዝናብና የእህል ዋጋ ወሬ እቀበል ነበር። የመጀመሪያው አለቃዬ «እንደሚታወቀው» የሚለውን ቃል ባዩ ቁጥር እየሰረዙ «ከታወቀ ለምን ትጽፊዋለሽ?» ይሉኝ ነበር። ዴንቨር ከመጣሁ በኋላ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ አጠብኩ፣ ዳውንታውን ቢሮ አጸዳሁ። ደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ ትንሽ ያስተርፍ ነበር፤ ስለ እሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ወደ ሙያዬ የመለሱኝ ጋሽ ክንፈ ናቸው።

ጋሽ ክንፈ የወርኃዊው ጋዜጣችንና የእሑዱ የአንድ ሰዓት የአማርኛ ሬዲዮ አዘጋጅ ነበሩ። ቢሯቸው ኢስት ኮልፋክስ ላይ ካለ አንድ ግሮሰሪ ጀርባ፣ በበርበሬና በሽሮ ከረጢት መካከል ነበር። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ባለፈ ቁጥር መስኮቱ ይርገፈገፋል። ሁለት ልማዶች ነበሯቸው። አንደኛው በስልክ የመጣ ሰው ሁሉ፣ የፈለገውን ይፈልግ፣ መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር መስማት ነበረበት።

«አሎ፣ ማስታወቂያ ላወጣ ነበር፤ አንድ መኝታ ቤት…»

«እሺ ወንድሜ፣ ቆየኝ። መጀመሪያ ይህችን ስማ። ‹የከተማው ምክር ቤት በውሃ አጠቃቀም ላይ ያወጣውን ገደብ አራዘመ።› ምን ገባህ?»

«ውሃ ሊቆረጥ ነው እንዴ?»

ጋሽ ክንፈ የስልኩን አፍ በመዳፋቸው ይሸፍኑና ወደ እኔ ይዞራሉ። «ጽጌ፣ ውሃ ሊቆረጥ ነው ወይ ብሏል። እንደገና ጻፊው።»

ድርቁ የበረታበት፣ ሳር ማጠጣት በፈረቃ የሆነበት ጊዜ ነበር። «ሳር የምታጠጡበት ቀን አልተለወጠም፤ እስከ መስከረም እንደዚሁ ይቀጥላል» ብዬ ጻፍኩት። ቀጥሎ የደወለችው ሴትዮ በአንድ ጊዜ ገባት።

ሁለተኛው ልማዳቸው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ማን ነገረሽ?» የቻምበርስ ሮዱ አፓርትመንት ሲቃጠል «እሳቱ ነዋሪዎቹን በሙሉ አፈናቀለ» ብዬ ጽፌ ነበር። «በሙሉ መሆኑን ማን ነገረሽ?» አሉኝ። ተመልሼ ስሄድ በምሥራቅ በኩል ያሉት ቤተሰቦች ከቤታቸው አልወጡም፤ አንደኛዋ እናት ፓስታ እየቀቀለች ነበር። የማንም ስም ላይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስሕተት አልሠራሁም፤ «በሙሉ» የምትለዋን ቃል ግን እስከ ዛሬ ድረስ በጥርጣሬ ነው የማያት።

በሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ጋሽ ክንፈ ቤተ መጻሕፍት ላኩኝ። የኛ ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ እዚያ ለምን እንደሚያጨናንቁ እንዳጣራ ነበር። መልሱ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ወላጅ ሥራ ላይ ስለሆነ ቤት ማንም የለም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይሞቃል፣ ኮምፒውተር አለ። ዜናውን ጨርሼ ልወጣ ስል፣ መጽሐፍ በጋሪ እየገፋች መደርደሪያ የምትሞላ አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታነብ አየሁ። ጋሪውን ረስታዋለች።

ሊዲያ እላታለሁ፤ እሷና አባቷ ስማቸው እስካልተጠቀሰ ድረስ ታሪኩን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ተወልዳ ያደገችው አውሮራ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲህ ከአባቷ ጋር ሁለት ብቻ ነበሩ። አባቷን ደግሞ አቶ ደምሴ እላቸዋለሁ፤ በሩቁ አውቃቸው ነበር፤ ዳውንታውን ፓርኪንግ ጋራዥ ይሠራሉ፣ በወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ምን እያነበብሽ ነው?» አልኳት።

«ስለ… ፌንስ። አጥር። አንድ አባት ዝም ብሎ አጥር ይሠራል።»

«ይኼው ነው?»

«ኢት’ስ ሶ ጉድ፣ እትዬ ጽጌ።»

መጽሐፉን የመረጠችላት ጆይስ የምትባለው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ናት። ጆይስ በወጣትነቷ አውስትራሊያ ገጠር ውስጥ አስተምራለች፤ መደርደሪያውን ለዓመታት አንድ በአንድ እያስገዛች የሞላችው እሷ ናት። ሌላ ቅጂ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። እምቢ ማለት ብልግና መሰለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ ጀመርኩት፤ መውረጃዬን አለፍኩ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ዝናብ በጠፋበት የስንዴና የበግ አገር አንድ አባትና ሴት ልጁ ይኖራሉ። ድርቆሽ አለቀ። አባትየው የልጅቷን ፈረስ ሳይነግራት ይሸጠዋል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በረቱ ባዶ ነው። ትጣላዋለች። እሱ መልስ አይሰጥም፤ ወጥቶ የወደቀውን አጥር ይጠግናል። መጽሐፉን እስክትጨርሱት ድረስ የምታዩት የሚጠገን አጥር ነው ማለት ይቻላል።

ያስገረመኝ ደራሲዋ ምንም አለመስበኳ ነው። ሙቀቱን፣ ዝንቡን፣ ሽቦ እጅ ላይ የሚያደርገውን ትነግራችኋለች። አባትየው ክፉ ነው ወይም ደግ ነው አትልም። አለቃዬ የሚሰርዙት «እንደሚታወቀው» አንድም ቦታ የለም። ደውዬ ማጣራት ባልችልም እውነት የሆነ ነገር አነበብኩ፤ ያነበብኩት ደግሞ ለልጆች በተጻፈ መጽሐፍ ውስጥ ነበር።

ሌሎቹንም ወሰድኩ። አንዱ ከሩቅ አገር በጀልባ መጥታ ዓሣ ቤት ስለምትሠራ እናትና በእንግሊዝኛዋ ስለሚያፍር ልጇ ነበር። አንዱ ከነጮቹ በፊት አገሩ የእነሱ ስለነበረ ሰዎች፣ አያቱ ከእናቷ ስለተነጠቀች አንድ ልጅ ነበር፤ በደሉን ሳያለዝብ፣ ልጁንም ለማሳዘኛ ብቻ ሳያደርገው ይተርካል። አንዱ ደግሞ ያሳቀኝ ገናን በጠራራ ፀሐይ ስለሚያከብሩ ቤተሰቦች ነበር። የኛም ገና ፀሐይ ነው። በረዶና ገና አንድ ነገር ናቸው ብለው ባደጉት የአሜሪካ ልጆች መካከል «ይኼንንስ አውቀዋለሁ» ያልኩበት የመጀመሪያው የፈረንጅ መጽሐፍ ነበር።

ካነበብኳቸው በአብዛኞቹ ውስጥ ወላጆችም ሰዎች ናቸው። ይደክማቸዋል፣ ይሳሳታሉ፣ የራሳቸው ገጽ አላቸው። ሌላ ቦታ ያየኋቸው የወጣት መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ወላጁን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ያስወጡታል፤ እነዚህ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያስቀምጡታል። ቻምበርስ ሮድ ላይ የማውቃቸው ቤቶች እንደዚህ ናቸው፤ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ ማንም ማንንም ማምለጥ አይችልም።

ስለዚህ ለጋሽ ክንፈ አንድ ምዕራፍ ተርጉሜ በሬዲዮ ላንብብ አልኳቸው።

«ከኦስትሪያ? ጀርመንኛ ከመቼ ወዲህ ቻልሽ?»

«አውስትራሊያ ነው ያልኩት።»

«እሺ፣ ካንጋሮው አገር። አንብቢ።» እሑድ ዕለት ሌላ ዝግጅት አልነበራቸውም።

የተረጎምኩት ልጅቷ ባዶውን በረት አይታ አባቷን የምትጣላበትን ቦታ ነው። እንግሊዝኛው አጭር ነው። አማርኛው ላይ ስደርስ ግን ቆምኩ። እንግሊዝኛ ለሁሉም አንድ «አንተ» ነው ያለው፤ ለውሻም ለዳኛም። አማርኛ ማምለጫ አይሰጥም፤ ግሡ ራሱ ያጋልጣል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አባቷን «ሸጥከው» ስትል እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በሚመለሱ ሰዎች መኪና ውስጥ ሲሰማ ታየኝ። ስለዚህ እንዲህ አነበብኩት፤

«አባባ፣ ፈረሱን ሲሸጡት ምነው ባማከሩኝ ኖሮ።»

ስልኩ ጮኸ። መጀመሪያ ጥሩ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አሉ አንድ እናት። «ፈረንጅም እንዲህ ያሳድጋል?» ሌላ ሰው ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንዲነበብ ቅጂ ጠየቁ። ሦስተኛው ግራ ተጋብተው ነበር፤ «ይቅርታ፣ አባትየው ለምንድን ነው ተቆጥቶ የወጣው? ምን አጠፋች?»

ጋሽ ክንፈ ማዳመጫቸውን አወለቁ። «ልጅቷ ‹እርስዎ› ማለቷን ማን ነገረሽ?»

ጠብ የነበረውን ወደ ትሕትና ለውጬዋለሁ። እሳት ባልነካው ቤት ላይ «ተፈናቀለ» ከማለት አይለይም።

ዋጋውን የከፈለችው ግን ሌላ ሰው ሆና ተገኘች። በሳምንቱ ቤተ መጻሕፍት ስሄድ ሊዲያ ጋሪዋን እየገፋች መጣች።

«እትዬ ጽጌ፣ በሬ ባልኮኒ ላይ ነው» አለችኝ።

«ምን? ማን አመጣው?»

«አባዬ።»

«አፓርትመንት ውስጥ በሬ? ሊያርዱት ነው?»

«ኖ! በሬ! ማይ ዶር!»

«ር»ን ስለማታጠብቅ ነው። በሯን ማለቷ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ ከዚያ እሷ መሳቋን አቆመችና ነገረችኝ። እሑድ ከቸርች ሲመለሱ አባቷ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው «ስሚ፣ የአውስትራሊያ ልጅ እንኳ አባቷን እንዴት እንደምታናግር ስሚ» አሏት። መጽሐፉን አንብባዋለች። «ኖ ዌይ! እንደዚያ አላለችም» ብላ ሳቀች። እሳቸው በእሳቸው የሳቀች መሰላቸው። «ሬዲዮ ይዋሻል?» አሉ። እሷ በአማርኛ ልታስረዳ ስትሞክር «አንተ አልገባህም» አለች። ከእንግሊዝኛዋ ነው የገለበጠችው። መኪና ውስጥ አንድ የቸርች ሽማግሌ አብረው ነበሩ።

ቤት ሲገቡ ክፍሏ ገብታ በሩን በኃይል ዘጋችው። አቶ ደምሴ ካቻቪቴ አመጡ። ማጠፊያዎቹን ፈቱና በሩን ባልኮኒ ላይ ግድግዳ አስደግፈው አቆሙት። ያን ሰሞን በረዶ ይጥል ነበር።

«አሁንስ እንዴት ናችሁ?»

«አንነጋገርም። አንሶላ ሰቅያለሁ። ስኩል ሲዘጋ አክስቴ ጋ ዳላስ እሄዳለሁ፤ አልመለስም።» ይህንን ያለችው ሳትቆጣ ነው። የተቆጣ ሰው ሐሳቡን ይለውጣል፤ እሷ ግን ወስናለች።

ስሕተት ሲገኝ ሙያው የሚያዘው ግልጽ ነው፤ እርማት። የሚቀጥለው እሑድ አነበብኩት፤ «ባለፈው ሳምንት ባቀረብነው ምንባብ ልጅቷ አባቷን ‹እርስዎ› እንዳለች አድርገን ማቅረባችን ትክክል አልነበረም። ትክክለኛው ‹ሸጥከው። እኔን አልጠየቅከኝም› የሚል ነው።» ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ታዲያ ባለጌ ናት በሉና!» አሉ ያመሰገኗት እናት።

ጋሽ ክንፈ «ሰዎቹ መጽሐፉን ራሳቸው ያንብቡት እንጂ በአንቺ አፍ ብቻ ለምን ይፍረዱ?» አሉኝ። ጆይስ ክፍል ሰጠችን፣ ቅጂዎች ከሌሎች ቅርንጫፎች አስመጣች። እኔ ማስታወቂያውን ጻፍኩ፤ «የአውስትራሊያ የወጣቶች ልብ ወለድ ንባብ፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ወጣቶች ሁሉ ተጋብዛችኋል።»

ቅዳሜ ዕለት ጆይስ ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ብስኩትና ጭማቂ ደርድራ ትጠብቅ ነበር። የመጡት የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሱ፣ ከኤርፖርት ሺፍት የወጡ፣ ራሰ በራነት የጀመራቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ ፂሙ ሸብቷል። ጆይስ ወደ እኔ ዞረች። «ወጣት» የሚለው ቃል እኛ ዘንድ የት እንደሚያበቃ ለእሷ ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

«ምነው፣ ወጣት ብላችሁ አይደል?» አለ ታምራት፣ የኤርፖርት ሻትል ነጂው። ወደ አርባዎቹ ተጠግቷል። «እኔ አላገባሁም እኮ!»

በመጨረሻ አቶ ደምሴ ገቡ። የሚያብረቀርቅ የሥራ ሰደርያቸውን አላወለቁም። በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ልብ ወለድ አላነብም» አሉኝ። «ፈጠራ ነው። የመጣሁት ልጅቷ ያለችውን በትክክል ለማየት ነው።»

«እኔም በዚያው ነው የጀመርኩት» አልኳቸው።

መጽሐፉ ለእነዚህ ሰዎች የተመቸ ሆነ። ቋንቋው የንግግር ቋንቋ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ይከተለዋል። የሚያስቸግረው የአገሩ ቃል ነው። ከሰዓት በኋላ ለማለት «አርቮ» ይላሉ። አባትየው ደግሞ ከገጽ ገጽ «ዩት» በሚባል ነገር ላይ ሽቦ ይጭናል። ሊዲያ ከበስተኋላችን መደርደሪያ ትሞላ ነበር፤ አባቷ ወዳሉበት ዞራ አላየችም።

«ሊዲያ፣ አንቺ እዚህ አይደል የተወለድሽው? ዩት ምንድን ነው?» አላት ታምራት።

«አይ ዶንት ኖው።»

«አሜሪካዊት እኮ ነሽ!»

«ኢት’ስ ኖት አሜሪካን።»

ያን ጊዜ አቶ ደምሴ ጣታቸውን ገጹ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ፊት ለፊት ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ኋላ ክፍት ነው፤ ሽቦና ውሻ ይጫናል። ፒክአፕ ነው። እኔ ጋ በየቀኑ ፓርክ ያደርጋሉ።»

ጋሪው ቆመ። «ሪሊ?» አለች ሊዲያ።

«ታዲያ ውሻውን የት ሊያስቀምጡት ነው?»

በሩ ከተነቀለ ወዲህ የተነጋገሩት የመጀመሪያ ነገር ይህ ነበር። ስለ እነዚህ መጻሕፍት ከምለው ሁሉ ለኛ ሰዎች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። የአሜሪካን መጽሐፍ ስናነብ ልጆቻችን አስተማሪዎቻችን ናቸው፤ የአማርኛውን ስናነብ እኛ የእነሱ ነን። በአውስትራሊያው ቃል ፊት ግን ሁለታችንም እኩል እንግዳ ነን፣ እኩል እንገምታለን።

በየቅዳሜው አንድ ምዕራፍ አነበብን። ባዶው በረት ላይ ስንደርስ ክርክሩ ተነሳ። አቶ ደምሴ እንግሊዝኛውን ለራሳቸው ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ትክክል ነው፣ ‹እርስዎ› የሚል የለም» አሉ። «ግን ‹አንተ› የሚልም የለም። እኛ ነን የምንመርጥላት። ጨዋ ከሆነች ‹እርስዎ› ትበል።»

«‹እርስዎ› ካለች አልተጣላችም ማለት ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አለ ታምራት።

«ልጅ አባቱን ‹አንተ› አይልም። በኛ ቤት እንደዚያ አላደግንም። አክብሮት የት ሄደ?»

ታምራት ብስኩት እያኘከ አሰበ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲጸልዩ እግዚአብሔርን ምን ይሉታል? ‹ጌታ ሆይ፣ እርስዎ ያውቃሉ› ይሉታል?»

ሰዎቹ ሳቁ። አቶ ደምሴ አልሳቁም።

«አይ» አሉ። «‹አንተ ታውቃለህ› ነው የምለው።»

«እና ከእግዚአብሔር በላይ ሊከበሩ ነው?»

ሳቁ ክፍሉን ሞላው። ከመደርደሪያው ጀርባም የሊዲያ ሳቅ ተሰማ፤ አፏን ለመያዝ ዘግይታለች። ዘወር ብዬ አቶ ደምሴን አየሁ። እንደሚነሱ ጠብቄ ነበር። አልተነሱም። መነጽራቸውን አወለቁ፣ በሰደርያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ለእሱ ‹አንተ› የምለው ስለማልፈራው አይደለም» አሉ፤ ለታምራት ይመስል ነበር፣ ግን ወደ መደርደሪያው ነበር የሚያዩት። «ስለሚቀርበኝ ነው።» ከዚያ «እንቀጥል» አሉ።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብነው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሊዲያ የዳላሱን ቲኬት እንደቆረጠች ነግራኛለች። በምዕራፉ ውስጥ ልጅቷ አንድ ማለዳ ስትወጣ ፒክአፑ ወንበር ላይ አዲስ የሥራ ጓንት ታገኛለች፤ በእሷ እጅ ልክ። አባትየው ምንም አይልም። ጓንቱን ታጠልቅና የሽቦውን ሌላ ጫፍ ትይዛለች። ፈረሱ አይመለስም። መጽሐፉ እዚያ ያበቃል።

«ይቅርታ አልጠየቃትም እኮ» አሉ አቶ ደምሴ።

«ጓንቱስ?» አልኳቸው።

«ጓንት ይቅርታ ነው?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የተጻፈው ይኼው ነው።»

«በልኳ ነው የገዛላት» አለ ታምራት፤ በዚያን ዕለት ያልቀለደበት ብቸኛ ንግግሩ ነበር።

አቶ ደምሴ መጽሐፉን ዘግተው ለጆይስ መለሱ፣ አመሰገኑ፣ ወጡ።

እነዚህን መጻሕፍት ለምን ታነቢያለሽ የሚሉኝ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው፤ በአንዲት መሬት ላይ በተቀመጠች ልጅ፣ መደርደሪያ በሞላች ሴት፣ የማላውቀውን አላውቅም እንድል ባስተማሩኝ አዘጋጅ በኩል። ለሦስቱም ባለዕዳ ነኝ። ያን ጊዜ ሆስፒታል አንሶላ እያጠብኩ ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ያመልጠኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለጋዜጣው ስለ አጥሩ መጽሐፍ ጻፍኩ፤ መጨረሻው ላይ በአባትና በልጅ ፈቃድ፣ ያለ ስም፣ የሆነውን አከልኩ። ጋሽ ክንፈ አነበቡት፤ የሆነው ይህ ነው።

ያን ቅዳሜ አቶ ደምሴ ቤት ሲደርሱ ሊዲያ ገና አልተመለሰችም። በሩን ከባልኮኒ አስገቡ። ከሥሩ እርጥበት አሳብጦት ስለነበር በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። ማጠፊያዎቹን አሰሩ። ሊዲያ ስትመጣ ሳሎን ተቀምጠው ነበር፤ ምንም አላሉም። ገባች። በሩን አየች። ዘጋችው፣ በቀስታ። ቆይቶ በሩ ተንኳኳ፤ ከውስጥ። አቶ ደምሴ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ሊዲያ። «አንተስ?»

«እኔ ነኝ» አሉ አቶ ደምሴ።

ጋሽ ክንፈ ወረቀቱን አስቀመጡ። «ማን ነገረሽ?»

«ሁለቱም። ለየብቻቸው።»

«የሚለያይ ነገር አላቸው?»

«የላቸውም።»

ስልኩ ጮኸ። ሶፋ ሊሸጥ የፈለገ ሰው ነበር። «ቆየኝ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይህችን ስማ» አሉና የመጨረሻዋን አንቀጽ ሙሉውን አነበቡለት። የሰውዬው ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ጋ ደረሰ።

«በሩን ማን ከፈተው ታዲያ?»

ጋሽ ክንፈ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። አልጠየቅኩም ነበር። በሩ ተተክሏል፣ ተንኳኩቷል፣ ተነጋግረዋል፤ ማን እንደከፈተው ግን ጽሑፌ ውስጥ የለም። ያን ያህል ዓመት ሠርቼ።

ለአቶ ደምሴ ሥራ ቦታቸው ደወልኩ። ከኋላቸው መኪና ጥሩንባ ይነፋል። «እኔ ነኝ የገፋሁት» አሉ። «ግን ስገፋው ቀለለኝ።»

ከዚያ ቤታቸው ደወልኩ። ሊዲያ ናት ያነሳችው። የዳላሱ ቀን አልፏል።

«ሊዲያ፣ አንድ ነገር ላጣራ ነበር። በሩን ማን ከፈተው?»

«እኔ ሳብኩ» አለች፤ ትንሽ አሰበች። «እሱ ገፋ።»